ከልስኑ ሥር

አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰችው ልጅ ሜትሩን ከበሩ መቃን ጀምራ ስትዘረጋው ፈቲያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ፈቲያ ሜትር ታውቃለች፣ አንጸባራቂ ሰደርያም ታውቃለች። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችበትን ቤት ሊለኩ የመጡትም እንዲሁ ፈገግ ብለው፣ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ጠርገው ነበር የገቡት። ያኔ የዋህ ነበረችና የቤቱን ዕድሜ ሲጠይቋት፣ "ኧረ እሱማ የጥንት ነው! አያቴ ናቸው ያሠሩት" ብላ አፏን ሞልታ ነገረቻቸው። "ያረጀ" ብለው ጻፉ። ብዙም ሳይቆይ ዶዘር መጣ። በካሳው ብር ከባሏ ጋር ሰበታ ወርደው ይህን ቤት ገዙ።

"ስምዎትን ማን ልበል?" አለች ልጅቷ ታብሌቷን እየነካካች።

"ፈቲያ።"

"እኔ ኢየሩስ እባላለሁ። በዚህ ሰፈር ቆየት ያሉ ቤቶችን እየመዘገብን ነው። ይሄ መቼ ተሠራ?"

መመዝገብ የሚለውን ስትሰማ ያኔ የጻፉት ትዝ አላት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ! ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ "አዲስ ነው" አለች። "ባለቤቴ ሰልማን ነው ያሠራው፣ በቅርቡ።" ወላሂ ልትል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ እንኳንም ዋጠችው።

ኢየሩስ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች። "ውፍረቱ ግን የአሁን ቤት አይመስልም።"

"ሌባ እንፈራለና! ግንበኛውን ወፍራም አርግልን አልነው።"

"ከልስኑ ሥር ድንጋይ ነው እንዴ?"

"ብሎኬት ነው እህቴ! የምን ድንጋይ አመጣሽብኝ?"

ልጅቷ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ የሆነ ነገር ጻፈችና፣ "እስከ ምሳ ሰዓት እዚሁ ሰፈር ነን። የረሱት ነገር ካለ ይጥሩኝ" ብላ ወጣች። ፈቲያ በሩን ዘግታ በጀርባዋ ተደገፈችው። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፍኩ አለች።

ትንፋሿ ሳይመለስ ከአጥሩ ማዶ ኦቦ ቦጂያ ተጣሩ። ቤቱን የሸጡላቸው እሳቸው ናቸው፤ አሁን ከጎን ባለው የልጃቸው ግቢ ይኖራሉ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ! ያቺ ልጅ ምን አለችሽ?"

"ሸኘኋት ኦቦ። አዲስ ቤት ነው አልኳት።"

ሽማግሌው የአጥሩን ቋሚ ጨበጡ። "ምነው ልጄ? ምነው እንዲህ አደረግሽ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ያረጀ ነው ብዬ ላስፈርሰው?"

"መንገዱ ሊሰፋ ነው። በዚህ መስመር ያለ ቤት ሁሉ ይነሳል። ቅርስ ነው የተባለው ብቻ ነው የሚቀረው። እሷ እሱን ነው የምትፈልገው፤ ጠይቄያት ነገረችኝ።"

ፈቲያ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በገዛ አፏ ቤቷን ለዶዘር ሰጠችው ማለት ነው!

"እርግጠኛ ነዎት ግን?"

"እርግጠኛማ ማን አለ ልጄ? ያለችኝን ነው የምልሽ።"

ሻርፗን እንኳ ሳታስተካክል ሮጣ ወጣች። ኢየሩስን መታጠፊያው ላይ፣ ፋርማሲው ደጃፍ ደረሰችባት።

"ዋሸሁሽ! የጥንት ነው። ጥርብ ድንጋይ ነው፣ ከመስኮቱ በላይ ሐረግ ሳይቀር ተቀርጾበታል። እኛ ነን ያስለሰንነው።" እውነቷን ነው። ዘመድ አዝማድ "ምነው አሮጌ ቤት ገዛችሁ?" እንዳይላቸው በሲሚንቶ ሸፍነው ቀለም ቀቡት። ያኔ እንዴት ደስ ብሏት ነበር!

ኢየሩስ አልተቆጣችም፤ አላመነቻትምም። "ቅርስ የተባለ አይነሳም የሚለው ወሬ ስለወጣ ሰው ሁሉ ቤቴ የጥንት ነው እያለኝ ነው። ያላየሁትን አልጽፍም። ድንጋዩን ያሳዩኝ፣ ፎቶ አነሳለሁ።"

"አንቺው አራግፊዋ ልስኑን!"

"እኔ የሰው ግድግዳ አልነካም።"

"እሺ ካሳየሁሽ አይፈርስም?"

ኢየሩስ ዓይኗን ሰበር አደረገች። "እኔ ያየሁትን አቀርባለሁ። የሚወስኑት ሌሎች ናቸው።"

ፈቲያ አስከትላት ወደ ቤት እየተመለሰች ሰልማን ጋ ደወለች። መርካቶ መለዋወጫ ሱቅ ነው የሚሠራው፤ ማታ ካልሆነ አይመጣም። ገና ሳትጨርስ ጮኸባት።

"አብደሻል? እኔ ሳልመጣ ጠጠር እንዳትነኪ! አፍርሱ እስኪሉሽ እንኳ ሳትጠብቂ ራስሽ ልትጀምሪላቸው?"

ስልኩን ዘጋችው። እሷም የፈራችው ይህንኑ ነው። ቢዋሿትስ? ልስኑን አራግፋ፣ አሮጌነቱን አደባባይ አውጥታ፣ እንደ በፊቱ "ያረጀ" ብለው ቢጽፉባትስ? ዝም ብትልስ? ዝም ብትልም መንገዱ መምጣቱ አይቀርም።

መዶሻውን ከአልጋ ሥር አወጣች። ከድሮው ቤቷ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው የግድግዳ መውደቅ ድምፅ ነው፤ እስከ ዛሬ ከእንቅልፏ ያባንናታል። ኢየሩስ ታብሌቷን ታቅፋ ቆማለች። ኦቦ ቦጂያ ከአጥሩ ማዶ ያያሉ። ከሁለቱ ምቺ ያላት የለም፣ ተይም ያላት የለም። ወንበር ላይ ወጥታ ከመስኮቱ በላይ፣ ለሳኙ ሐረጉን ሲደፍነው ቆማ ያየችበትን ቦታ በመዳፏ ዳሰሰች። ስልኳ ጮኸ። ሰልማን ነው። አላነሳችውም።

"ያ አላህ፣ አደራህን" አለች። "ቢስሚላህ።"

በገዛ እጇ የገዛ ቤቷን ግድግዳ መታች።