ጅራት ያለው ስፌት

ከአሮጌው የገበያ አዳራሽ ያስወጡን ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ጣሪያው ሊወድቅ ነው አሉ፤ እውነት ነበር። በአዲሱ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወለሉን በነጭ ቀለም ሸንሽነው ለየሰዉ አንዳንድ ቦታ ሰጡ። ሊፍቱ በተመረቀ ዕለት ሠራ፤ ከዚያ ቆመ። ደንበኛ ደረጃ አይወጣም። ቲማቲሙ በሳጥኑ ውስጥ ፈረሰ። ሥጋ ሻጩ መንጠቆዎቹን ነቅሎ ሄደ። ዓሣ ሻጯ መንገድ ዳር ብትወጣ ደንብ አስከባሪዎች ዓሣዋን ከነገበታው ወሰዱባት። በዚያ ክረምት ሰዉ ጠዋት ቦታውን ይጠርጋል፣ ቀን ይቀመጣል፣ ማታ ቆልፎ ይሄዳል። በመካከሉ መሸጥ የሚባል ነገር አልነበረም።

ባለ ሽንኩርቷ ብቻ አፏ አልደከመም። "ድሮ ሽንኩርቱ ነበር የሚያስለቅሰኝ፤ አሁን ኪራዩ ተረከበው" ትል ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቦታው የተከፋፈለው በዕጣ ነው። ለእኔ የደረሰኝ በስተኋላ ያለው ጥግ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ነው። እዚያ የቀን ብርሃን አይገባም። የጣሪያው መብራት ነጭ ነው፤ ይርገበገባል። በዚያ መብራት ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር መስፋት ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ መርፌ መፈለግ ነው። ዐይኔም ደክሟል። ይህን ለሰው አልተናገርሁም። የሰፊ ዐይን ደከመ ከተባለ ሰፊው ሞተ ማለት ነው። ጥቁር ሱሪ ሲመጣልኝ "ሥራ በዝቶብኛል" ብዬ እመልስ ጀመር። ሥራ አልነበረኝም።

በፎቁ ላይ ያለው ደህና መስኮት አንድ ነው፤ ከደረጃው ራስ አጠገብ። እሱ ለፉጨት ደረሰው።

ፉጨትም ልብስ ሰፊ ነው። ሲሰፋ ያፏጫል፤ ስሙ ከዚያ መጣ። እኔን "አባ ጭጭ" ብሎ የሰየመኝም እሱ ነው። በአሮጌው አዳራሽ ጎን ለጎን ነበርን። ከራሳችን በላይ ጣሪያው ላይ አንድ መስታወት ነበረ። ከሱ የሚወርደው ብርሃን ጠዋት ወደ እኔ ያጋድላል፣ ከሰዓት ወደ እሱ። ስለዚህ ጥቁር ጥቁሩን እኔ ጠዋት እሰፋለሁ፣ እሱ ከሰዓት ይሰፋል። ተነጋግረን አይደለም፤ እንዲያው ሆኖ ነው የኖረው። አሁን ጠዋቱም ከሰዓቱም የሱ ሆነ።

ቅናት ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው ይላሉ። የእኔ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ከጥጌ ሆኜ ፉጨቱን እሰማለሁ። ፎቁ ባዶ ስለሆነ ድምፁ ግድግዳ ለግድግዳ እየተላተመ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ደረጃውን የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ብርሃን ላይ ተቀምጦ፣ ክሩ ሳይቀር እያብረቀረቀ። ማን ከዚያ አልፎ ወደ መጸዳጃ ቤት በር ይመጣል?

የሚመጡትም እሱ የላካቸው ናቸው። "ወደ ውስጥ ዝለቁ፣ አባ ጭጭ አለላችሁ። አይናገርም እንጂ ይሰፋል" ብሎ ይልካቸዋል። እየሳቁ ይመጣሉ። የሰው ትርፍራፊ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ቢሆንም ይዋጣል።

ማታ ለባለቤቴ አነሣሁባት።

"ታዲያ ባይልክልህ ይሻልሃል?" አለችኝ።

"ጌታ መስሎ ነው የሚልከው።"

"አንተ ሰውዬ፣ የምቀኛ ሰው እራት አይፈጭም። ዝም ብለህ ብላ።"

ዝም ብዬ በላሁ። አልተፈጨም።

ነገሩ የመስኮት ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የፉጨት ዕዳ ነበረብኝ። የገንዘብ አይደለም። ልጆቼ ሳያድጉ፣ በአሮጌው አዳራሽ፣ የስፌት መኪናው መርፌ ጣቴን በስቶኝ ቁስሉ አመረቀዘ። እጄ እንደ ዳቦ አበጠ። የተረከብሁት ልብስ ተከምሮ ነበር፤ ካላደረስሁ ደንበኛ ይበተናል። ፉጨት አንድ ቃል ሳይናገር ክምሩን ተሸክሞ ቤቱ ወሰደው። እጄ እስኪድን የሱንም የእኔንም ሰፋ። የእኔን የሰፋው ደግሞ በእኔ እጅ ነው።

ይህን ላስረዳ። የእያንዳንዱ ሰፊ እጅ ይታወቃል። እኔ ስፌቱ ሲያልቅ መልሼ እደርብና ክሩን ከሥሩ እቆርጠዋለሁ፤ መጨረሻው አይታይም። ፉጨት ግን ይቋጥርና የጥፍር ያህል ክር ይተዋል። "ጅራታም ስፌት" እለው ነበር። "ጅራቱ ለደንበኛው ነው፤ ሲፈታበት ይዞት ወደ እኔ እንዲመለስ" ይላል። ያኔ የእኔን ደንበኞች ልብስ ሲሰፋ ጅራቱን በጥርሱ እየበጠሰ አስረከበኝ። ማንም አላወቀም። ሰዎች መጥተው "እጅህ ይባረክ" አሉኝ። በፋሻ የተጠቀለለውን እጄን ጠረጴዛ ሥር ደብቄ "አሜን" አልሁ።

ልክፈልህ ስለው "ሲመችህ ትሰፋልኛለህ" አለ። ከዚያ ወዲህ አልታመመም፣ አልቸገረውም፣ አልሰፋሁለትም። እሱ ግን ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ "ይሄ ባለዕዳዬ ነው" ብሎ ትከሻዬን መታ ያደርገኛል። ይስቃል። ባለዕዳ ሰው የሚስቅ አበዳሪ አይወድም።

ዝናቡ እየበረታ ሲሄድ የገበያው ተቆጣጣሪ አንድ ነገር አሰበ። ወጣት ነው፤ ሮጦ የሚሄድ፣ ቁልፍ የሚያንቃጭል። ነጋዴው ሁሉ አንድ ዓይነት ሽርጥ ለብሶ ይታይ፣ ገበያውም ገበያ ይምሰል አለ። አረንጓዴ ጨርቅ በጥቅል አስመጣ። ሽርጡን እንዲሰፋ የታዘዘው ፉጨት ነው። ከደረጃው ራስ ላይ ተቀምጦ ሌላ ማን ሊታዘዝ?

ያን ቀን ፉጨት ወደ ጥጌ መጥቶ "አባ ጭጭ፣ ግማሹን ላምጣልህ?" አለኝ።

"ሥራ በዝቶብኛል" አልሁት። መኪናዬ በሽፋኑ ተሸፍኖ ነበር። አየው። አየሁት። ሄደ።

ከዚያ በኋላ ፉጨቱ ይቆራረጥ ጀመር። ትንሽ ያፏጫል፤ ያቆማል። መኪናው ይጮኻል፤ ያቆማል። ሰው ምን ሆኖ ነው ብሎ ይጠይቃል። እኔ ደስ አለኝ። የዚያን ቀን እራቴ ተፈጨ።

ከሳምንት በኋላ ተቆጣጣሪው አንድ ሽርጥ ይዞ ወደ ጥጌ መጣ።

"አባባ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ።"

ዘረጋሁት። የማሰሪያው ስፌት እንደ ሰካራም ሰው ወዲያና ወዲህ ይላል። ኪሱ ተጣሟል። ደህና የነበረው ጅራቱ ብቻ ነው።

"የመኪናው ጥፋት ነው የሰውዬው?" አለኝ። "የሰውዬው ከሆነ አልታገሥም። መስኮቱ ላይ የሚቀመጥ ሰው የገበያው ፊት ነው። ቦታውን ለእርስዎ አዛውረዋለሁ። ዛሬውኑ።"

ቀና ብዬ አየሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። በወለሉ ዳር ላይ ፀሐይ በአራት ማዕዘን ተዘርግታለች። ፉጨት ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል፤ አያፏጭም። የምፈልገው ነገር አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው። "የሰውዬው" ማለት። ውሸትም አልነበረም።

ነገር ግን እዚያ ሄጄ ብቀመጥ ዕዳውም አብሮኝ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ለማን ልከፍለው ነው?

"የመኪናው ነው" አልሁ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"መርገጫው ላልቷል። ትንሽ ቀን ስጠው።"

ሽርጡን ሰጥቼው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ወዲያው ተቆጨሁ። ቁጭቱ ሳይብስብኝ ብዬ ወደ መስኮቱ ሄድሁ።

ፉጨት ሲያየኝ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ።

"እጅህን አውጣ" አልሁት።

"ምን ልታደርጋት?"

"አውጣ አልኩህ።"

አወጣት። ጨርቁ ላይ አስቀመጣት። ትንቀጠቀጣለች። በግራው ሲይዛት ግራውም አብሮ ተንቀጠቀጠ።

"ከጀመራት ቆየ" አለ። "መጀመሪያ ብርድ መስሎኝ ነበር።"

"ለዚህ ነው ሰው የምትልክልኝ?"

"ታዲያ ለምን መሰለህ? ለመልክህ?"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስንት ቀን በዚያ ፉጨት ስቃጠል ከረምሁ። ሰውዬው ክር በመርፌ ማስገባት አቅቶት ኖሯል።

"አንተስ?" አለኝ። "ዐይንህ?"

"ዐይኔ ምን ሆነ?"

"የምልክልህ ጥቁር ሱሪ ሁሉ ዞሮ ተመልሶ እኔ ጋ ይመጣል። እኔ ደግሞ 'አባ ጭጭ ሥራ በዝቶበት ነው' እላለሁ። ባዶ ፎቅ ላይ ሥራ በዝቶበት!"

ያኔ አንገቴ ድረስ ሞቀኝ። ለካ አንድ የማያውቀው ነገር አልነበረም። በዚህም በለጠኝ።

በእኛ ሥራ ሰፊ የሌላውን ሰፊ ስፌት አይተረትርም። ባለቤቱ ካልፈቀደ ነውር ነው፤ የሰው ጓዳ መግባት ነው። የተጣመሙት ሽርጦች ከመኪናው ሥር ተከምረዋል። በእግሬ ነካ አደረግኋቸው።

"ፍቀድልኝ" አልሁት።

መስኮቱን ብዙ አየ። ከዚያ የመተርተሪያውን ምላጭ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። እጁ ስለምትንቀጠቀጥ ምላጩ እየተንቀጫቀጨ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ደንበኛው ሳይመጣ፣ ተቆጣጣሪውም ሳይገባ፣ መስኮቱ ላይ ተቀመጥሁ። ፉጨት ከጎኔ ሆኖ የተቆረጠውን ጨርቅ እያጠፈ ያቀብለኛል። ያን ያህል ጊዜ የተመኘሁት ብርሃን እጄ ላይ ወረደ። እያንዳንዱ ክር ታየኝ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በመጀመሪያው ሙከራ አስገባሁት። ሽርጡን ሰፋሁ፤ መልሼ ደረብሁ፤ ክሩን ከሥሩ ቆረጥሁ።

"ይሄ ያንተ ነው" አለኝ ፉጨት።

ልክ ነው። የእኔ ነው። ተቆጣጣሪው ጅራቱን አይቷል፤ ጅራት የሌለው ሽርጥ ቢመጣለት ይገባዋል። ተረተርሁት። እንደገና ሰፋሁ፤ ቋጠርሁ፤ ጅራት ተውሁ። እጄ እምቢ ይለኛል። ያንን ጅራት ዕድሜዬን ሙሉ ስዘልፈው ኖሬ በእጄ አበቀልሁት።

"ረዘመ" ይላል ፉጨት። "የዝንጀሮ አደረግከው።"

"ዝም ብለህ አቀብል።"

"አባ ጭጭ ዝም በል አለኝ! ጉድ ሳይሰማ ገበያ አይከፈትም።"

ባለ ሽንኩርቷ ጆንያዋን እየጎተተች ደረጃውን ስትወጣ አየችን። ቆመች። እኔን አየች፣ መኪናውን አየች፣ የፉጨትን እጅ አየች።

"ጋሼ፣ እኔ ምንም አላየሁም" አለች። "ዐይኔን ሽንኩርት አጥፍቶታል።" ጆንያዋን ጎትታ አለፈች። ጥቂት ሄዳ ዞረች። "ግን ኪሱን ሰፋ አድርጉልኝ።"

ጠዋት ጠዋት እንዲህ ሰፋሁ። የመጀመሪያው ደንበኛ እግር ደረጃው ላይ ሲሰማ እነሣለሁ። ፉጨት ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ወንበሩ በእኔ ሞቆ። እኔ ወደ ጥጌ፣ ወደሚርገበገበው መብራት እመለሳለሁ። ከሁሉ ይህ ከበደኝ። ቀድሞ የማላውቀውን ብርሃን ነበር የምመኘው። አሁን አውቄው እተወዋለሁ።

ሽርጡ አለቀ። ተቆጣጣሪው ሁሉንም ሰብስቦ፣ ባለ ሽንኩርቷም ሌሎቹም ለብሰው ቆመው፣ አንዱን ገልብጦ ስፌቱን መረመረ። ጅራቱን በጣቱ ሳብ አደረገ።

"እንዲህ ነው እንጂ!" አለና የፉጨትን ትከሻ ያዘ። "እጅዎ ይባረክ አባባ። ይህ መስኮት የእርስዎ ነው፤ ማንም አይነካዎትም።"

እኔ ከሰዉ ኋላ ቆሜ ነበር። የሰፋሁት እኔ፤ የተባረከው እሱ። ከሰዉ ትከሻ በላይ ፉጨትን አየሁት። እጁን ጠረጴዛው ሥር ደብቋል።

"አሜን" አለ።

ሰዉ ተበተነ። ሽርጡ ደንበኛ አላመጣም። በኋላ ሊፍቱ ሲጠገን ትንሽ ትንሽ መጡ። ያን ቀን ግን ፎቁ እንደ ወትሮው ባዶ ነበር። ወደ ጥጌ ልሄድ ስል ፉጨት ጠራኝ።

ለራሱ የቀረችውን ሽርጥ በግራ እጁ ይዟል። የስፌቷን መጨረሻ ፈልጎ አገኘ። ወደ አፉ አስጠግቶ ጅራቱን በጥርሱ በጠሰው፤ ያኔ የእኔን ልብስ ሲሰፋ እንዳደረገው። ክሩን ከከንፈሩ ላይ አንሥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ከፈልክ" አለኝ። "ዕዳ የለብህም።"

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሮ ያፏጭ ጀመር። አሁንም አልወደድሁትም።