ተረኛ እስኪመጣ

እንቅልፍ ያጣ ሰው መካሪ አያጣም። ልብስ ሰፊዋን ዓይኗ ቀልቶ፣ ከዓይኗ ሥር ጠቁሮ ያያት ሁሉ ሐኪም ይሆንባት ጀመር። ቁልፍና ክር የምታቀብላት ሴት «ከመተኛትሽ በፊት እግርሽን ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ» አለቻት። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ደግሞ «ሻይ ተዪ። እኔ ሻይ ከተውኩ ወዲህ ጭልጥ ብዬ ነው የምተኛው» አላት፣ ማንም ሳይጠይቀው። አንዱን እግር ከሌላው አሳጥራ ልትሰጠው አምሯት ነበር፤ እግዜር አተረፈው።

ከመካሪዎቹ ሁሉ የባሰችው ግን የባሏ ታላቅ እህት፣ እትዬ ናት። እትዬ እናቷን ልትጠይቅ የምትመጣው ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። ጫማዋን በር ላይ ታወልቅና በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ገብታ፣ የውስጠኛውን ክፍል መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ትመለከታለች።

«እይዋትማ እማዬን፣ እንዴት ደስ ብሏት እንደምትተኛ!» ትላለች በሹክሹክታ። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞር ትልና፣ «አንቺ ግን ፊትሽ ምነው እንዲህ ከሰለ? ራስሽን ጠብቂ እንጂ። ትኩስ ወተት በማር ጠጪበት፤ ለእንቅልፍ የሚያክለው የለም።»

«ማታ ይምጡና ይዩዋቸው፣ እትዬ። ቀንማ እንደሳቸው ማን ይተኛል!»

«ማታማ እንዴት አድርጌ? እኔ እንቅልፌ ከተቋረጠ ማግስቱን ራሴን ሲፈልጠኝ ነው የሚውለው።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ጥርሷን ነክሳ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። የሚገርመው፣ መኪናዋ የቱንም ያህል ቢንጫጫ፣ ውጭ መንገዱ ላይ መኪና ቢያንባርቅ፣ የጎረቤት ልጆች ኳሱን ከግድግዳው ቢያላትሙት፣ አሮጊቷ ንቅንቅ አይሉም።

አሮጊቷ የባሏ እናት ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ፈትል ፋብሪካ ውስጥ፣ የሌሊት ፈረቃ ሲመሩ ነው። ወንድ ሴቱን ሠራተኛ አንቀጥቅጠው ስለ ገዙ አገር ምድሩ «አለቃ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ጉልበታቸው ሲደክም፣ ሐሳባቸውም መንገድ እየሳተ ሲመጣ፣ ወንድ ልጃቸው ቤት ገቡ። ልጃቸው ቤት ይባል እንጂ፣ የገቡት ምራታቸው ትከሻ ላይ ነው።

ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል አለቃ ይነሣሉ። መብራት ያበራሉ፣ ግድግዳ ይዳብሳሉ፣ በር ያንኳኳሉ። ከዚያ ምራታቸው አልጋ ዘንድ መጥተው ብርድ ልብሷን ይገፍፉታል።

«ተነሺ! ማሽኑ ለምን ቆመ? ተረኛዋ የት አለች?»

«ይተኙ እማማ። ሁሉም ሰው ተኝቷል እኮ።»

«ተኝቷል?» ይላሉ አለቃ በድንጋጤ። «ሁሉም?»

«አዎ፣ ሁሉም ተኝቷል። እርስዎም ይተኙ።»

ያን ጊዜ ይብስባቸዋል። ቤቱን እያሰሱ፣ የማይታወቁ ሴቶችን በየስማቸው እየጠሩ፣ ሲቆጡ ያድራሉ። ልብስ ሰፊዋም እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ይነጋል። ባሏስ? ጆሮ ዳባ ልበስ ነዋ! ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያንኮራፋል። ሲቀሰቀስ «ነገ ሥራ አለብኝ እኮ» ይላል። እሱ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስለሚያስረክብ ሥራ አለው። የሷ ስፌት ሥራ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ቁጭ ተብሎ ስለሚሠራ ነው መሰለኝ።

እትዬ ለዚህም መላ አላጣችም፤ «ቤቱ ጸጥ ይበል» አለች። የግድግዳው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል ተብሎ ወረደ። የበሮቹ ማጠፊያዎች እንዳይንጫጩ ዘይት ጠጡ። የሚንጠባጠበው ቧንቧ ጨርቅ ተጠመጠመበት። ባልየው በካልሲ እንዲሄድ፣ ሳል ሲመጣበትም ትራሱ ውስጥ እንዲስል ታዘዘ። ቤቱ መቃብር መሰለ፤ አለቃም ከበፊቱ ቀድመው ይነሡ ጀመር።

እንቅልፍ ማጣት ሰው ላይ የሚያደርገውን የተኛ ሰው አያውቀውም። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ ሸለብ አድርጓት መርፌው ጣቷን በሳው። የአንዲት ደንበኛን ቀሚስ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። ይህ ሁሉ ባልከፋ። አንድ ሌሊት ግን፣ ገና ዓይኗ ከመከደኑ ብርድ ልብሱ ሲገፈፍ፣ የአሮጊቷን አንጓ ጨምድዳ ያዘች። ሌላው እጇ ወደ ላይ ተነሣ።

አለቃ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲፈራቸው የኖሩት ሴትዮ፣ ፊታቸውን በክንዳቸው ሸፈኑ።

«አትምቺኝ» አሉ በቀጭን ድምፅ።

እጇን አወረደችው። አለቃን ደግፋ አስተኛቻቸውና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጸሎት ሞከረች፤ አልመጣላትም። ቁጣዋ ሄዶ ሄዶ የደረሰበት ቦታ አስደነገጣት። እኚህን ሴት ትወዳቸዋለች። ባሏ «ስፌት ምን ያደርግልሻል?» ሲላት የመጀመሪያውን መኪና የገዙላት እሳቸው ነበሩ። እንቅልፍ ካላገኘች ግን ያ እጅ አንድ ቀን ተነሥቶ አይቀርም፤ ይወርዳል። ይህን እንደ ስሟ አወቀችው።

በማግስቱ እትዬ መጣች። ባልየውም ለምሳ ቤት ነበር። እትዬ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ስታደንቅ ከቆየች በኋላ ድንገት ሹክሹክታዋን ረሳችው።

«የእማዬ እጅ ምን ሆኗል? ይሄ ሰማያዊ ነገር ምንድነው?»

«በሩ መትቷት ነው» አለ ባልየው ቶሎ ብሎ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጣቶቹ አንድ በአንድ ተቆጥረው የሚታዩበትን ምልክት በር አደረገው።

«በር አይደለም። እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ውይ! ውይ በሞትኩት! አቅም የሌላትን ሴት?»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ፤ አልደበቅኩም። ያልተኛ ሰው እጅ እንዲህ ነው የሚሠራው። ከዚህ የባሰ ሳይመጣ ዛሬ እማማ እርስዎ ዘንድ ይደሩ። ነገም ይደሩ። እኔ ሁለት ሌሊት ልተኛ።»

እትዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔማ ደስ ባለኝ ነበር፤ እናቴ አይደለች? ግን ደም ግፊቴን ታውቂዋለሽ። ቤቱም ደረጃ አለው። አንቺ ደግሞ ቁጣሽን አብርጂው፤ እንቅልፍ የሚከለክልሽ እኮ እሱ ነው። ተኝተሽ ጥሩ ጥሩውን አስቢ።»

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሏል ይሄ ነው። እትዬ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች፤ ባልየውም ወደ መጋዘኑ ሾለከ።

ያን ዕለት ማታ ልብስ ሰፊዋ አልጋዋን አላየችውም። ባሏ ማንኮራፋት ሲጀምር፣ «እንግዲህ እኔ ካልተኛሁ ማንም አይተኛ!» አለች ጮክ ብላ። መብራቱን ሁሉ አበራች። በሮቹን በረገደች። የመኪናዋን ሽፋን ገፋ ጣለችና ወፍራም የሥራ ቱታ አስገብታ በሙሉ ንዴቷ ትረግጥ ጀመር። ያ አሮጌ መኪና ግድግዳውን አስጨነቀው። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ለእትዬ አንድ መስመር ሰፋች፣ ለባሏ አንድ መስመር ሰፋች፣ ለወተቱና ለማሩ አንድ አንድ መስመር ሰፋች።

አለቃ ከክፍላቸው ወጡ። ቀና ብላ አላየቻቸውም። አለቃ በመኪናዋ ዙሪያ ዞሩ። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«እህ። ይሄኛው እየሠራ ነው» አሉ።

ተመልሰው ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ትንፋሻቸው ከበድ ብሎ ተሰማ። ተኝተዋል! ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን አላመነችም። እግሯን ከመርገጫው አነሣች። ጸጥታው እንደ ወደቀ አልጋው ተንቋቋ።

«ምን ሆነ? ማን ተጎዳ?» አሉ አለቃ ከውስጥ።

እንደገና ረገጠች፤ እንደገና ተኙ። ያን ጊዜ ገባት። ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ማሽን የሚቆመው የሰው እጅ ሲይዝ ነው። እኚህ ሴት በዕድሜያቸው ሙሉ ጸጥታን ሲፈሩ ኖረዋል፤ እነሱ ደግሞ ሰዓት ሲያወርዱ፣ ማጠፊያ ዘይት ሲያጠጡ ነው የከረሙት። እሷ ራሷስ ምን ነበር የምትላቸው? ለሌሊት ፈረቃ አለቃ፣ «ሁሉም ተኝቷል!» ከዚህ የከፋ ምን ሊነገራቸው ይችል ነበር? ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ ዕንባ ሆነ።

ባልየው ዓይኑን እያሸ ብቅ አለ። «ምን ጉድ ነው ይሄ ጫጫታ? ሰው ይተኛል እኮ!»

እናቱ ሲጮኹ ሰምቶ የማያውቅ ጆሮ የስፌት መኪና ሰማ! መቀሱን አልወረወረችበትም። ለምን እንዳልወረወረች እስካሁን አታውቅም።

እሑድ እትዬ ስትመጣ ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሣ ነገሩን ሁሉ ነገረቻት። እትዬ እጇን አጨበጨበች።

«ተመስገን! በይ እንግዲህ ስፌትሽን ወደ ማታ አዙሪዋ። ሥራሽም ይሠራል፣ እማዬም ትተኛለች።»

ባልየው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«እኔስ? እኔ መቼ ልተኛ?»

ያን ጊዜ ደንገጥ አሉ፤ ስለሷ ለካ አላሰቡም። እትዬ ግን መላ ሞልቷታል። የመኪናውን ድምፅ በስልኳ ቀዳችና ገብታ እናቷ ትራስ ሥር ሸጎጠችው። «አሁን አቁሚ» አለች በኩራት። ልብስ ሰፊዋ አቆመች። ስልኩ ከውስጥ ይንጫጫል። ትንሽ ቆይቶ አለቃ ስልኩን በሁለት ጣታቸው እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥለው ወጡ።

«ይሄ ሰው የሌለበት ማሽን ነው። ማነው ጥሎ የሄደው? ተረኛ መጥታ እጇን ሳታሳርፍበት ማሽን አይለቀቅም፤ ስንቴ ልናገር?»

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ተነሣች። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች በሆዷ። እትዬን እስከ ዛሬ «እርስዎ» ስትላት ኖራለች።

«ነይ» አለቻት።

«ማንን ነው ነይ የምትይው?»

«አንቺን። ነይና ቁጭ በይ።» ወደ አለቃ ዞረች። «እማማ፣ ተረኛዋ ይቻትና። አልቀበልም እያለችኝ ነው።»

አለቃ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ወገባቸው ቀና አለ።

«አርፍደሻል» አሏት።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ! ልጅሽ!»

«ልጅነቱን ቤትሽ። እጅሽን አምጪ።» የእትዬን እጅ ይዘው የመኪናው መዘውር ላይ አሳረፉት። እትዬ በእናቷ ዓይን ውስጥ ምን እንዳየች እንጃ፣ ቁጭ አለች።

«ስፌት እኮ አልችልም» አለች ልታለቅስ ቃጥቷት።

«ክር አያስፈልገውም። ርገጪ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አለቃ ወደ በሩ ዞሩ። ባልየው በካልሲው ሊሾልክ ሲል ያዙት። «አንተ! የዛሬው ሌሊት ያንተ ነው። ብታረፍድ ወዮልህ!»

ከዚያ የምራታቸውን እጅ ያዙ፤ ያንኑ ጨምድዶ የያዛቸውን እጅ። ገልብጠው መርፌ የበሳውን ጣት አዩት።

«አንቺ ሥራሽን ሠርተሻል። ሂጂ ተኚ» አሏት።

እዚህ ቤት እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ገና የምትጮኸው ብዙ ነበራት፤ ለባሏ ያስቀመጠችው ብቻ አንድ ሳምንት ይበቃል። ቁጣዋ አልበረደም፤ እንቅልፉ ቀደመው እንጂ። የራሷ አልጋ ራቀባትና አለቃ አልጋ ላይ፣ ከነጫማዋ ጋደም አለች። አለቃም ጎኗ ተኙ።

ከማዶ መኪናው ቆም ቀጠል፣ ቆም ቀጠል እያለ ይሰማል።

«እስከ መቼ ነው የምረግጠው?» ብላ ጮኸች እትዬ።

«ተረኛ እስኪመጣ!» አሉ አለቃ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ልብስ ሰፊዋ አልሰማችም። ተኝታለች።