የፈዬራ ስም በባንኩ ግድግዳ ላይ

በ1976 ዓ.ም. ክረምት፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ሲባል፣ ዘሙሩድ ፒያሳ ባለ አንድ አሮጌ ባንክ ውስጥ ታይፒስት ነበረች። አለቃዋ ጓድ በላይነህ የሕንፃውን ታሪክ አርቅቆ እንድትመታው ሰጣት። ስታነበው የመሐንዲሱ ስም አለ፣ እብነ በረዱ የመጣበት አገር አለ፤ ድንጋዩን የጠረቡት ሰዎች ግን የሉም።

ከጠራቢዎቹ አንዱ አባቷ ከማለዲን ነበሩ። ሕንፃው ሲሠራ ከእንጦጦ ግርጌ ሦስት ዓመት ድንጋይ ፈልጠዋል። ጓደኛቸው ፈዬራ ከሁለተኛው ፎቅ ርብራብ ወድቆ ሲሞት፣ ሠራተኞቹ ስሙን ከጓሮው በር አጠገብ ባለ ድንጋይ ላይ ቀርጸውለት ነበር። አሁን እዚያ ግድግዳ ላይ መፈክር ሊጻፍ ስለሆነ ድንጋዩ በመሮ እንዲፋቅ ታዟል።

ዘሙሩድ የካ ሚካኤል ሰፈር ካለው ቤታቸው ገብታ ይህን ስትነግራቸው ሽማግሌው ምሳቸውን ገፉት። በማግስቱ ነጭ ኮፊያቸውን አድርገው ቢሮ ድረስ መጡ። ጓድ በላይነህ ወንበር ሰጣቸውና፣ ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ ነው፣ የግለሰብ ስም እየለዩ ማንሣት የፊውዳል ልማድ ነው ብሎ አስረዳቸው።

«የመሐንዲሱን ስም ጽፋችኋል» አሉት ከማለዲን።

ጓድ በላይነህ ሰዓቱን አየ።

«ፈዬራ ሰፊው ሕዝብ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ደሙን ከደረጃው ላይ ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ጓድ በላይነህ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ተነሣ። ስሙም በዚያው ሳምንት ተፋቀ።

የዘሙሩድ ንዴት ግን አልበርድ አለ። የማባዣውን ስቴንስል ስትመታ ከመሐንዲሱ ስም ቀጥላ፣ ከጠራቢዎቹ አንዱ ፈዬራ በሥራ ላይ ወድቆ መሞቱን በአንድ መስመር ጨመረች። ማንም ልብ ሳይለው ተባዝቶ በበዓሉ ቀን ለእንግዳው ሁሉ ታደለ። አንዱን ቅጂ እንጦጦ ወጥታ ለፈዬራ ሚስት ለወይዘሮ አሳየች ሰጠቻቸው። እሳቸውም መስመሩን ሁለቴ አስነበቧትና፣ «ይህን ለመጻፍ ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀባቸው?» አሉ።

ነገሩ ሲታወቅ ዘሙሩድ በሠራተኛው ፊት ቆማ ግለሂስ እንድታደርግ ተጠየቀች።

«የጻፍኩት ውሸት ከሆነ ጥፋቴን አምናለሁ» አለች። «ውሸት ነው የሚል አለ?»

ሰብሳቢው የተቀመጠውን ስልሳ ሰው ቃኝቶ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከከተማው ዳር ካራ ወዳለው የባንኩ የወረቀት መጋዘን ተዛወረች። ደብዳቤው ምክንያቱን «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። ያን ስታነብ ከንዴቷ ብዛት እንባዋ መጣ፤ ፈርማ ተቀበለችና በማግስቱ የካራን አውቶቡስ ያዘች።