የዶክተር ኡዘይር አጥር

ዶክተር ኡዘይር ዕድሜውን የፈጀው የክልሉን ሕገ መንግሥት ሲያጠና ነው። ፒያሳ ላይ ስለ ፌዴራሉ የሚጠይቀውን ሁሉ «የክልሉ ነው የምልህ!» እያለ ይቆጣል። ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ሲያስተምርም «ፍርድ ቤት እያለ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ሕገ መንግሥቱን ከነነፍሱ ቀበረው!» ብሎ ጠረጴዛ ይደበድባል።

አንድ ክረምት ጎረቤቱ አስናቀው አጥሩን ገፍቶ ግቢው ገባበት። ሰፈሩ ችሎት ሄዶ ክርክሩን ለመስማት ጓጓ። ኡዘይር ግን በማግስቱ አንድ ሼህና አንድ ቄስ ላከ። ሽማግሌዎቹ አስናቀው ደጃፍ «እሺ ካላልኸን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። አጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በእርቁ ዕለት አስናቀው አላስችል አለው። «ምነው ዶክተር፣ ሕጉን እንዲህ እያወቅኸው ሳትከሰኝ ቀረህ?»

«ስለማውቀው ነዋ!» አለ ኡዘይር።

ሰኞ ማራኪ ገብቶ ጠረጴዛውን እንደ ልማዱ ደበደበ።