የቀረችበት ክፍለ ጊዜ ብዛት

ዜሮ፣ እንቁላል የሚያህል ዜሮ፣ ያውም በሰማያዊ ቀለም፣ እስክሪብቶውን ሁለቴ አዙሮበታል፣ ማንም እንዳይጠራጠር ይመስል። የቀረችበት ክፍለ ጊዜ ብዛት ይላል የኮርስ ማቋረጫ ቅጹ፣ ዜሮ ይላል የአፈር ምህንድስናው መምህር፣ ከሥሩ ፊርማው። ከቅጹ ጀርባ በስቴፕለር የተያዘ ሌላ ወረቀት አለ፣ የሆስፒታል፣ ክብ ማህተም ያረፈበት፣ የታካሚው ልጅ ለሃያ አራት ቀናት ቀንና ሌሊት አባቷን ስታስታምም መቆየቷን እናረጋግጣለን። አንዱ ክፍል ነበረች ይላል፣ አንዱ ሆስፒታል ነበረች ይላል፣ አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ቦታ አይገኝም፣ ይህን ለማወቅ ምህንድስና መማር አያስፈልግም፣ የሬጅስትራሩ መስኮት ሦስት ላይ ያለችው ሴትዮ ትበቃለች።

ሰልፉ አንድ እርምጃ ይሄዳል። ከተማሪዋ ፊት ስድስት ሰው።

የግድግዳው ሰዓት አስር ከሃያ ይላል፣ መስኮቱ አስራ አንድ ላይ ይዘጋል፣ ዛሬ አርብ ነው፣ የአስረኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ከዛሬ በኋላ ኮርስ ማቋረጥ የሚባል ነገር የለም። ከሰዓቱ ሥር ደንቡ ተለጥፏል፣ አራት ጊዜ አንብባዋለች፣ አሁንም ዓይኗ እየሄደ ያርፍበታል፣ ተማሪው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ያለ ምክንያት፣ እስከ አስረኛው ሳምንት በበቂ ማስረጃ ኮርስ ማቋረጥ ይችላል። በቂ ማስረጃ። ከሥሩ ደግሞ አንቀጽ አስራ አራት፣ በሌላ ተማሪ ስም የፈረመም ሆነ ያስፈረመ ለአንድ ዓመት ከትምህርት ይታገዳል። የፈረመም፣ ያስፈረመም። ደንብ ያወጣው ሰውዬ ምንም አልረሳም፣ ዶርም ኖሮ ያውቃል ማለት ነው።

ከኋላዋ ያለው ልጅ ለጓደኛው፣ እዚህ ሰልፍ ላይ የቆምንበት ሰዓት በአቴንዳንስ ቢያዝልን እኮ መቶ በመቶ ነበርን፣ ይላል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። እሷም ልትስቅ ትሞክራለች፣ ጉንጯ እሺ አይላትም።

ጠዋት መናገር ነበረባት። መምህሩ ቢሮ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ የፊርማ ወረቀቶቹን በጣቱ እየቆጠረ፣ አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ሳትቀሪ እየመጣሽ እንዴት ነው ከአርባው ዘጠኝ የምታመጪው? ቀና ብሎ አላያትም፣ ሰማንያ ሦስት ተማሪ አለው፣ የሚያውቀው ፊርማቸውን ነው እንጂ ፊታቸውን አይደለም። ያኔ፣ ልክ ያኔ፣ መምህር፣ እኔ አልነበርኩም ማለት ነበር፣ ሦስት ቃል፣ ችግር ገጥሞኝ ነው ብላ የፈረመውን ቅጽ ይዛ ወጣች። ዜሮውን ያየችው ደረጃው ላይ ነው።

አምስት ሰው።

ፌንጣ ምን አጠፋች? ምንም። የላይኛው አልጋ የእሷ ነው፣ በመሰላል መውረድ አታውቅም፣ ትዘላለች፣ ፌንጣ የሚል ቅጽል ስም የወጣላት ለዚያ ነው፣ ጠዋት ጠዋት የዶርሙ ወለል ድም ሲል ያኔ ነግቷል። የእሷ አባት የወደቁ ቀን ሻንጣዋን የሸከፈችላት ፌንጣ ናት። በማግስቱ መልእክት መጣ፣ ፈርሜልሻለሁ፣ አንቺ አባትሽን ብቻ እዪ። ኑሪልኝ ብላ መለሰች። ፈርሚልኝ አላለችም። አትፈርሚልኝ አላለችም። ሰባት ጊዜ ፈርሜልሻለሁ፣ ሰባት ጊዜ ኑሪልኝ፣ ስልኳ ውስጥ እስካሁን አለ፣ ይጥፋ? አሁን፣ እዚሁ ሰልፍ ላይ? ሁሉም ያደርገዋል፣ ወረቀቱ ከወንበር ወንበር ሲዞር ያልመጣን ጓደኛ መዝለል ነውር ነው፣ ስትመጣ እንዴት ዓይኗን ታዪያለሽ።

እና አሁን እሷ በዚህ ወረቀት ፌንጣን ልታስባርር ነው። ልታሳግድ። አንድ ዓመት። የፌንጣ እናት ልብስ ሰፊ ናት፣ የምረቃ ቀሚሷን ገና ዓመት ከመንፈቅ ሲቀረው ለክታ ጨርሳለች፣ እንዳትወፍሪ ብላም አስምላታለች።

አራት ሰው። አስር ከሰላሳ አምስት።

ብትነቅለውስ፣ የሆስፒታሉን። የስቴፕለሩን ሽቦ በጥፍሯ ትነካካዋለች፣ አንዱ ጫፍ ብድግ ይላል። ነቀለችው እንበል፣ ያለ ማስረጃ ማቋረጥ የለም፣ ኮርሱ ይቀጥላል፣ ከአርባው ዘጠኝ ይዛ ፈተና ትገባለች፣ ሰባት ክፍለ ጊዜ ያላየችውን ትጠየቃለች፣ ኤፍ፣ ካለፈው መንፈቅ ጀምሮ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ላይ ናት፣ በማስጠንቀቂያ ላይ ኤፍ ማለት ሻንጣ ማለት ነው፣ ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለመቼውም። አልነቀለችውም እንበል፣ እገዳ፣ ለሁለቱም።

ራሴ እየመጣሁ ነው የፈረምኩት ብትልስ? ከሆስፒታል ብድግ ብላ፣ ሁለት ሰዓት ተምራ፣ ተመልሳ። ይሄ ያስኬዳል። አያስኬድም፣ ቀንና ሌሊት ይላል። እሷው ናት ያስጻፈችው። ነርሷ፣ ስታስታምም ቆይታለች ልበልና ይብቃ? ስትላት፣ እህቴ፣ እባክሽ ጠንከር አድርጊልኝ፣ ቀንና ሌሊት በይልኝ፣ አንድ ሰዓት እንኳ ከአጠገቡ አልራቀችም በይልኝ። ነርሷ አዝና ጻፈች። እሷ በገዛ አፏ የማምለጫ ቀዳዳዋን ሁሉ ደፈነች።

አባቷ አልጋው ላይ፣ ግሉኮሱ እየተንጠባጠበ፣ ትምህርትሽስ? ይያዝልኛል አባዬ። ማን ነው የሚይዝልሽ? ጓደኞቼ። ትምህርት ይያዛል እንዴ፣ የአውቶቡስ ወንበር ነው? ሳቁና ሳሉ፣ ሳሉና ሳቁ። የመጋዘን በር ጠባቂ ናቸው፣ ገቢና ወጪ መኪና ይመዘግባሉ። ቢሰሙስ። ልባቸው እንዲህ ሆኖ ቢሰሙስ። ማን ይነግራቸዋል፣ እሷ ናት የምትነግራቸው፣ አንድ ዓመት ሙሉ እቤት ቁጭ ብላ ምን ትላቸዋለች፣ ክረምቱ ረዘመ ትላቸዋለች?

ሁለት ሰው። የት ሄዱ፣ ቅድም አራት ነበሩ። እጇ አልቧት የቅጹ ጠርዝ ረጥቧል፣ ዜሮው ግን አልተነካም።

አንድ ሰው። ልትወጣ ትችላለች። አመመኝ ብላ። በሩ አስር እርምጃ ነው። አስር እርምጃ ሄዳ ከዚያ የት?

ቀጣይ።

ሴትየዋ እጇን በመስኮቱ ቀዳዳ ትዘረጋለች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነው፣ መታወቂያ፣ ትላለች። መታወቂያው በስልኩ ሽፋን ውስጥ ነው፣ ትመዘዋለች፣ ስልኩን የመስኮቱ ደፍ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሴትየዋ ስሙን ታመሳክራለች። ማህተሙን ታነሳለች። ማህተሙ አየር ላይ ነው፣ ምናልባት አታይ ይሆናል፣ ስንት ቅጽ አልፏት ነው ዛሬ፣ ደክሟታል፣ አትግለጪው፣ እትዬ በፈጠረሽ አትግለጪው።

ትገልጠዋለች።

ማህተሙ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሴትየዋ ፊተኛውን ታያለች፣ ኋለኛውን ታያለች፣ እንደገና ፊተኛውን።

ልጄ፣ ስንት ክፍለ ጊዜ ነው የቀረሽው?

ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻል ነበር። ዜሮ ብትል የሆስፒታሉ ወረቀት ሐሰት ይሆናል፣ የአባቷም ሕመም ከነግሉኮሱ፣ ሃያ አራቱም ቀን።

ሰባት፣ ትላለች።

እዚህ ዜሮ ነው የሚለው።

ዜሮው ትክክል አይደለም። ሰባት ነው እትዬ። አልነበርኩም።

ከኋላዋ ሲሳሳቁ የነበሩት ልጆች አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

ታዲያ ማን ፈረመልሽ?

ስልኩ ይንዘረዘራል፣ ደፉ ላይ፣ በሁለቱ መሃል፣ ብርሃኑ ይበራል፣ ፌንጣ ይላል በትልቁ፣ ጨረስሽ ወይ ልትል ነው፣ ሌላ ጉዳይ የላትም። ሴትየዋ ታየዋለች። እሷም ታየዋለች። ፌንጣ የሚባል ተማሪ በዚህ ሕንጻ መዝገቦች ውስጥ የለም፣ ሰማንያ ሦስቱን ቢቆጥሩ የለም፣ ይህን ታስባለች፣ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ቀጥ ያለች ሐሳብ ይህች ናት፣ ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች፣ እንጨቱ ላይ እየተንዘረዘረ ትንሽ ይራመዳል።

ያስፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ትላለች። ስሜ ቅጹ ላይ አለ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ።