የመጨረሻዋ ኡሜ

ሸክ፣ ሸክ፣ ቸክ።

ድምፁ የሚመጣው ከማእድ ቤት ነው። ሶሄይ ዓይኑን ሳይገልጥ አዳመጠ። ዝንጅብል እየተፈቀፈቀ ነው፤ ያውም በእናቱ መፈቅፈቂያ፣ በዚያ ጥርሱ በወላለቀው፣ በየሦስተኛው ምት በሚያነክሰው። እናቱ ግን ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። በዚህ ቤት ከእሱ በቀር የሚያስነጥስ እንኳ ሰው የለም።

ትኩሳቱ ነው አለ በልቡ። ጉንፋኑ ከጣለው ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው በረዶ እየወጣ ይሁን እየወረደ እንኳ መለየት አቅቶታል። በዚህ ተጽናንቶ ሊተኛ ሲል የተጠበሰ ባሮ ሽንኩርት ሸተተው። ትኩሳት ደግሞ ባሮ ሽንኩርት አይጠብስም።

ተንሸራታቹ በር ተከፈተና አንዲት ሴት ፎጣ ይዛ ገባች። ታላቅ እህቱ ሚትሱኤ ናት። ከእናቷ ተጣልታ ወደ ኦሳካ ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ስሟ አይነሳም ነበር። ለእናቷ ቀብር እንኳ አልመጣችም። አሁን የእናቷን ሽርጥ አገልድማ፣ ለራት ቶፉ ልትገዛ ወጣ ብላ እንደተመለሰች ሰው ነው የገባችው።

"አንገትህን ቀና አድርግ።"

"እትዬ?"

"ሌላ ማን መሰለህ? ቀና በል።"

የተሰነጠቀውን ትኩስ ባሮ ሽንኩርት በፎጣ ጠቅልላ ለጉንፋኑ መድኃኒት እንዲሆነው አንገቱ ላይ አሰረችለት። መታመሙን ማን እንደነገራት ጠየቃት። እሷ ደግሞ የሠላሳ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከደረቀ ዳቦ በቀር ምንም የለውም ወይ ብላ ጠየቀችው። በየት እንደገባች ሲጠይቃት፣ ቁልፉ ዛሬም ከአበባው ሸክላ ሥር መሆኑን፣ የዚህ ሰፈር ሌቦች ጨዋ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ነገረችው። ለምን መጣሽ ሲላት ዝንጅብሉ ይቀዘቅዛል አለች። ጠጣ። ጉሮሮው ተቃጠለ፣ ሆዱ ሞቀ፣ የገባው ነገር ግን አልነበረም። የእናታቸው ፎቶ ባለበት የቤቱ የሙታን መታሰቢያ መሠዊያ ፊት ስታልፍ አየት እንኳ አላደረገችውም።

ተመልሳ ማእድ ቤት ስትገባ ነው ከወለሉ ሥር ያለው ማሰሮ ትዝ ያለው።

ከማእድ ቤቱ ወለል ሥር እናቱ በየበጋው በጨው የምታስቀምጠው ኡሜ የሚባለው ጎምዛዛ ፍሬ ነበር፤ በየማሰሮው ላይ ዓመቱን በእጇ ትጽፋለች። ሁሉም አልቋል። የመጨረሻው ማሰሮ፣ ልትሞት ስትል ያስቀመጠችው፣ አንዲት ፍሬ ቀርታዋለች። ሶሄይ በታመመ ቁጥር አንድ አንድ ሲበላ ቆይቶ እዚያች ላይ ሲደርስ እጁ አልሄድ አለው። ሰሞኑን ሳምባው እስኪወጣ ሲያስል እንኳ አልነካትም። እሷ እዚያ እስካለች ድረስ የእናቱ እጅ ሥራ አላለቀም። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ሲነገር ያስቃል።

ለበሽተኛ የሩዝ አጥሚት ሠርቶ መሐሉ ላይ ኡሜ የማያስቀምጥ ሰው ደግሞ በዚህ አገር የለም። ሚትሱኤ ኡሜ ብትፈልግ የት ትሄዳለች? የቤቱ ልጅ ናት፤ የወለሉን ሳንቃ ማንሳት አያቅታትም።

ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ የወጣው እንደ ጀበና ትንፋሽ ያለ ፉጨት ነው። ለመነሳት ሞከረ፣ ቤቱ ዞረበት። በጉልበቱ እንደቆመ እህቱ ሳህኑን ይዛ ደረሰች። ነጭ አጥሚት፤ መሐሉ ላይ እንደ አሮጊት ጉንጭ የተጨማደደች ቀይ ፍሬ።

"ከየት አመጣሻት?"

"ብላ።"

"እትዬ፣ የመጨረሻዋ እኮ ናት።"

ሚትሱኤ ፊት ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ቁጣ ይሁን ሌላ አላወቀም። "ኡሜ የሚቀመጠው ሊበላ ነው" አለች። "ስትነጫነጭ ይቀዘቅዝብሃል።"

ሳህኑን ሊወረውረው አሰበ። ነገር ግን ጭማቂዋ ሩዙ ውስጥ ወርዷል፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ተናዶ በላት። ጎምዛዛው መንጋጋውን ጨመደደው፤ ከጨው ኋላ ያቺ ስስ ምሬት መጣች። የደረቀ የትርንጎ ልጣጭ ነው፤ እናቱ ከማሰሮው ግርጌ የምታነጥፈው፣ ጎረቤታቸው እማማ ኢኩኮ ሃያ ዓመት ለምነው ምሥጢሩ ያልተነገራቸው። እንባው መጣ። እያለቀሰ በላ። እህቱ ወደ መስኮቱ ዞራ በረዶው አቆመ መሰለኝ አለች።

ከዚያ ተኛ። ሲነቃ ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ራሱ ቀሎታል፤ ገና አልመሸም። ግድግዳ እየያዘ ማእድ ቤት ሄደ። ባዶውን ማሰሮ ሊያየው ሳንቃውን አነሳና ከፈተው።

ኡሜዋ አለች። አንዷ፣ ብቻዋን፣ እንደተዋት።

ክዳኑን ገጠመና እንደገና ከፈተ። አለች። ታዲያ የበላው ምንድን ነው?

ቀና ሲል ከዕቃ ማጠቢያው የድንጋይ ገንዳ አጠገብ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ታጥቦ ተደፍቶ አየ። የእሱ አይደለም። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ርሶ ጫፉ ተላቅቋል፤ ጽሑፉ ግን የእናቱ እጅ ነው። ለሚትሱኤ ይላል፤ ሥሩ ያ የመጨረሻው በጋ ዓመት። ያንን በጋ ፍሬውን ፀሐይ ላይ ያሰጣው እሱ ራሱ ነበር፤ የጎደለ ነገር አላየም። የዚያችን ስም በቤቴ አታንሳብኝ ያለችውም ይህችው እናቱ ነበረች። የበላት ፍሬ ከዚህ የወጣች ናት፤ አሁን ብልቃጡ ባዶ ነው።

ይዞት ወደ በሩ ሄደ። ሚትሱኤ ጀርባዋን ሰጥታ ቦት ጫማዋን እያደረገች ነበር።

"እማዬ ትልክልሽ ነበር?" ድምፁ ሻክሮ ወጣ። "ስንት ዓመት? ታዲያ ለምን አልመጣሽም?"

የሁለተኛውን ጫማ ዚፕ ዘጋች። ተነሳችና ፊቱን ሳይሆን በእጁ የያዘውን ብልቃጥ አየች።

"ባሮ ሽንኩርቱን እስከ ነገ አታውልቀው" አለች።

በሩን ከፈተች፣ ብርዱ ገባ፣ እሷ ወጣች፣ በሩንም ከኋላዋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።