ገደል ግባልኝ

የእጇ ጀሶ ከተፈታ ወዲህ አዲስ የጀመረችውን የሩጫ ጌም ስትጫወት ሯጩ መዝለል እምቢ እያለ ገደል ይገባባታል። የኪቦርዷ ቁልፎች እንደ ሊጥ ስለሚልሞሰሞሱ፣ መዝለያውን መጫኗን እንኳ እርግጠኛ አይደለችም። አውራ ጣቴ በድኗል ብላ፣ ለማንም ሳትተነፍስ በሆዷ ይዛው ከረመች።

ዛሬ ታላቅ ወንድሟ "ተነሺ፣ ላሳይሽ!" ብሎ ተቀመጠ። ሁለቱን የመሮጫ ቁልፎች ይዞ መዝለያውን ሲጫን ገደል ገባ። ደገመው፤ ገባ። አንዱን የመሮጫ ቁልፍ ለቆ ሲጫን ግን ሯጩ ዘለለ።

"ይሄ የማይረባ ኪቦርድ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑበት አንዱን ይውጣል እኮ! በዚህ ነው የከረምሽው?"

እሷ አውራ ጣቷን እያየች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"ገደል ስገባ ያስቅሻል?"

"ግባልኝ የኔ ጌታ፣" አለችው፤ "እስቲ አንዴ ድገምልኝ።"